የበረዶው ግንብና የሙቀቱ ሒሳብ፦ ከዙሪክና ከጄኔቫ የመሬት ውስጥ ግንባታ

የዛሬው የምሕንድስና ትምህርታችን ውሃ ያዘለ ልል አፈር በብርድ ጠጥሮ ለቁፋሮ የሚመቸው እንዴት እንደሆነ ያሳያል። ምሳሌዎቻችንን የምናመጣው ከስዊዘርላንድ፣ ከዙሪክና ከጄኔቫ አካባቢ ነው። መሐል ላይ ጥቂት ስሌት ስላለ እርሳስና ወረቀት ብታቀርቡ ይጠቅማችኋል። ምሕንድስና ያልተማራችሁ አድማጮችም አትሽሹ፤ ከማባዛትና ከመደመር ብዙም አናልፍም።

ከመሬቱ እንነሣ። ሁለቱም ከተሞች ሐይቅ ዳር፣ ከሐይቁ በሚወጣ ወንዝ ግራና ቀኝ የተቆረቆሩ ናቸው። የዙሪኩ ወንዝ ሊማት ነው፤ የጄኔቫው ሮን። በጥንት ዘመን ከአልፕስ ተራሮች የወረደ የበረዶ ግግር ጠጠሩን፣ አሸዋውን፣ ደለሉንና ሸክላውን እያግበሰበሰ አምጥቶ እዚህ አራግፎታል። ይህን ድብልቅ ጂኦሎጂስቶች ሞሬን ይሉታል። ከሞሬኑ ሥር ሞላስ የሚባል ድንጋይ አለ፤ አሸዋማና ሸክላማ ድንጋይ በየንብርብሩ የተደራረበበት ነው። ሞላሱን መቆፈር ብዙ አያስቸግርም። ጣጣው ያለው ከላይ፣ ውሃ በጠገበው ሞሬን ውስጥ ነው።

ከከርሰ ምድር ውሃ ወለል በታች አሸዋ ስትቆፍሩ ውሃው ብቻውን አይመጣም፤ አሸዋውን ይዞ ይመጣል። ጉድጓዱ ይሞላል፤ ከጎን ያለው መሬት ደግሞ ይጎድላል። ከላይ ሕንፃ ካለ መሠረቱ ይሰምጣል። መሐንዲሱ ውሃውን በፓምፕ ስቦ ላውጣ ቢል የሰፈሩ ውሃ ይወርድና አፈሩ ይረግጣል፤ ቤቶች ይሰነጠቃሉ። ሲሚንቶ ልርጭበት ቢል ደቃቁ ደለል ሲሚንቶውን አያስገባም። ከላይ ወደ ታች የኮንክሪት ግድግዳ ላውርድ ቢል መንገዱና ቤቱ ቦታውን ይዘውታል። እንዲህ አማራጭ ሲጠብ ነው ብርድ የሚታሰበው።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። በሚቆፈረው ቦታ ዙሪያ፣ አንድ ሜትር ገደማ እየተራራቁ፣ የብረት ቱቦዎች መሬት ውስጥ ይገባሉ። እያንዳንዱ ቱቦ ጫፉ የተደፈነ ሲሆን በውስጡ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለ። ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው የሟሟበት ውሃ ከዜሮ በታች 25 ወይም 30 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዝና በቀጭኑ ቱቦ ይወርዳል፤ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ባለው ክፍተት ሲመለስ የአፈሩን ሙቀት ይዞ ይወጣል። ላይ ያለው የማቀዝቀዣ ማሽን ሙቀቱን ወደ አየር ያስወጣውና ፈሳሹን መልሶ ይልከዋል። በየቱቦው ዙሪያ የበረዶ ዓምድ እየወፈረ ይሄዳል፤ ጎን ለጎን ያሉት ዓምዶች ሲገናኙ ውሃ የማያስገባ ግንብ ይቆማል። የዚህ ግንብ ሲሚንቶ አፈሩ ውስጥ ያለው የራሱ ውሃ ነው። ሥራው ሲያበቃ ማሽኑ ይጠፋል፤ በረዶው ይቀልጣል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው የማዕድን መሐንዲስ ፍሪድሪክ ሄርማን ፖች በ1883 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል፤ ያኔ የታሰበው ውሃ ባዘለ አሸዋ ውስጥ የማዕድን ጉድጓድ ለማውረድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ተሻሽሏል፤ ቁፋሮውም ቀንቷል። የሥራው ፍሬ ነገር ግን ዛሬም የሙቀት ሒሳብ ነው፦ ስንት ሙቀት እናወጣለን? በስንት ጊዜ? እኛ ስናወጣ በሌላ በኩል የሚገባውስ ስንት ነው? ሦስቱንም በተራ እናስላ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ስንት ሙቀት? አንድ ሜትር ኩብ ውሃ የጠገበ አሸዋ ውሰዱ። ከመጠኑ 35 በመቶው ክፍተት ነው እንበል፤ ክፍተቱ ሁሉ ውሃ ሞልቶበታል። ስለዚህ 350 ኪሎ ግራም ውሃና 1,720 ኪሎ ግራም ገደማ የአሸዋ ቅንጣት አለን። የመሬቱ ሙቀት 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን።

ሙቀቱ የሚወጣው በሦስት ደረጃ ነው። አንደኛ፣ ከ12 ዲግሪ እስከ ዜሮ ለማውረድ 34 ሜጋጁል ያህል ይወጣል። ሁለተኛ፣ ዜሮ ላይ ውሃው በረዶ ሊሆን ይገባል። እዚህ ላይ ቴርሞሜትሩ አይንቀሳቀስም፤ ሙቀት ግን ይወጣል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ በረዶ ሲሆን 334 ኪሎጁል ይለቃል፤ ይህ ስውር ሙቀት ይባላል። በ350 ሲባዛ 117 ሜጋጁል ይሆናል። ሦስተኛ፣ ግንቡ ጥንካሬ እንዲኖረው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ድረስ እናቀዝቅዘው፤ ይህ 21 ሜጋጁል ይጠይቃል። ሲደመር 172 ሜጋጁል ነው፤ በኤሌክትሪክ መለኪያ 48 ኪሎዋት ሰዓት። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ያለ ዕረፍት 14 ሰዓት ገደማ ቢጣድ የሚሰጠው ሙቀት ማለት ነው። ከአንዲት ሜትር ኩብ አሸዋ ይህን ሁሉ ማውጣት አለብን።

ከድምሩ ሁለት ሦስተኛው ስውሩ ሙቀት መሆኑን ልብ በሉ። ትልቁ ሥራ ያለው ቴርሞሜትሩ ዜሮ ላይ ቆሞ በሚቆይበት ጊዜ ነው። የሥራው ኃላፊ መለኪያው ለቀናት ዜሮ ላይ ቢያይ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ መደናገጥ የለበትም፤ በረዶ እየተሠራ ነው። በአንጻሩ መለኪያው ዜሮ ደረሰ ተብሎ ቁፋሮ ከተጀመረ አደጋ ነው፤ ዜሮ ላይ ያለ አፈር ገና ውሃ ሊሆን ይችላል።

መጠኑን ወደ ሥራ ቦታ እናሳድገው። ለስሌት ብቻ አንድ ጉድጓድ እናስብ፤ ስፋቱ 20 ሜትር፣ ጥልቀቱ 50 ሜትር፣ በዙሪያው 3 ሜትር የሚወፍር የበረዶ ግንብ ያለው። የግንቡ መጠን ወደ 10,800 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ48 ሲባዛ ከግማሽ ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ነው። በ60 ቀን ውስጥ ይውጣ ከተባለ ማሽኖቹ ሌትና ቀን 360 ኪሎዋት ሙቀት መሳብ አለባቸው፤ ከዙሪያው ለሚገባው ሙቀት የሚጨመረው ሳይቆጠር። ቱቦዎቹ በየሜትሩ ቢተከሉ 72 ይሆናሉ፤ ሁሉም 50 ሜትር ስለሚወርዱ ባጠቃላይ 3,600 ሜትር ቁፋሮ ነው። እያንዳንዱ የቱቦ ሜትር 100 ዋት ያህል ይስባል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ በስንት ጊዜ? ይህን ጉዳይ በቅጡ ካጠኑት አንዱ የኦስትሪያው የፊዚክስ ሊቅ ዮሴፍ ስቴፋን ነበር፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ የዋልታ ባሕር በረዶ እንዴት እንደሚወፍር አስልቷል። በረዶ ሲወፍር ራሱ እንቅፋት ይሆናል፤ ከበስተኋላው ያለው ሙቀት በወፈረው በረዶ ውስጥ አልፎ መውጣት አለበትና። ስለዚህ ውፍረቱ እጥፍ እንዲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይፈልጋል። ይህ ለጠፍጣፋ በረዶ ነው። በክብ ቱቦ ዙሪያ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ዓምዱ በሰፋ ቁጥር በረዶ መሆን ያለበት አፈርም በየዙሩ ይበዛል።

ሁለት አሜሪካውያን፣ ሳንገርና ሴይልስ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ለዚህ የሚሆን ቀመር አሳትመዋል፤ እስከ ዛሬ መሐንዲሶች ለመነሻ ግምት ይጠቀሙበታል። በእርሱ እናስላ። ቱቦው 10 ሴንቲሜትር ስፋት አለው፤ ግድግዳው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ነው፤ አሸዋው ቅድም ያየነው ነው፤ ውሃው ቆሟል። ቱቦዎቹ 1 ሜትር ቢራራቁ እያንዳንዱ ዓምድ ግማሽ ሜትር መሄድ አለበት፤ ስሌቱ 9 ቀን ገደማ ይሰጣል። 2 ሜትር ቢራራቁስ? ዓምዱ አንድ ሜትር መሄድ አለበት፤ ስሌቱ ወደ 48 ቀን ይዘልቃል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነ።

አሁን ይህን ቁጥር ወደ መቆፈሪያው ማሽን ውሰዱት። መቆፈሪያው ጠጠር ሲያገኝ መንገዱን ይስታል። 50 ሜትር ወርዶ ከመቶ አንድ ብቻ ቢያዘነብል ግርጌው ላይ ግማሽ ሜትር ይርቃል። ጎረቤቱ ቱቦ ደግሞ በተቃራኒው ግማሽ ሜትር ቢያዘነብል ላይ 1 ሜትር የነበረው ርቀት ታች 2 ሜትር ይሆናል። ላይኛው በ9 ቀን ሲዘጋ ታችኛው 48 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉድጓድ ከተቆፈረ በኋላ አቅጣጫው በመሣሪያ ይለካል፤ ስሌቱም በታቀደው ሳይሆን በተለካው ርቀት እንደገና ይሠራል። ክፍተቱ በጣም ከሰፋ ተጨማሪ ቱቦ ይገባል። በሙቀት ንድፍ ውስጥ ትርፍ ቱቦ ብክነት መስሎ ይታያል፤ ከ39 ቀን ጥበቃ ግን ይረክሳል።

አድማጮች፣ ወደ ዙሪክ እንሂድ። ሚልክቡክ የሚባል የመኪና ዋሻ አለ፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ ርዝመቱ 1.9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሦስት የመኪና መስመር ስላለው ስፋቱ ትልቅ ነው። አብዛኛው በድንጋይ ውስጥ ያልፋል። በሊማት ወንዝ በኩል ባለው ጫፍ ግን ዋሻው ከድንጋዩ ወጥቶ ልል መሬት ውስጥ ይገባል፤ በላዩ ደግሞ ቤቶችና መንገዶች አሉ። ይህ ክፍል ነው በበረዶ ጥላ ሥር የተቆፈረው።

ሚልክቡክ ላይ ቱቦዎቹ የገቡት ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከዋሻው ውስጥ ወደ ፊት፣ በሚቆፈረው ክፍል ጣሪያና ጎን ዙሪያ ነው። አንዱ ክፍል በረዶ ሆኖ ይቆፈራል፤ ኮንክሪት ይለብሳል፤ ከዚያ ቀጣዩ ይጀመራል። በዚህ ዓይነት ሥራ የሙቀት ሒሳቡ ሁለት ተጨማሪ መስመር አለው። የመጀመሪያው የዋሻው አየር ነው፤ ሠራተኛ፣ ማሽንና መብራት ያሞቁት አየር በረዶውን ከውስጥ ያቀልጠዋል። ሁለተኛው ኮንክሪት ነው፤ ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ይለቃል። ኮንክሪቱ በበረዶ ላይ በቀጥታ ሲፈስስ ሁለቱም ይጎዳሉ፦ የበረዶው ፊት ይለሰልሳል፤ የኮንክሪቱም ቆዳ ሳይጠነክር በብርድ ይያዛል። ስለዚህ በመካከላቸው ብርድ የሚከላከል ነገር ማስገባት ወይም የመጀመሪያውን የኮንክሪት ንብርብር በስሌት ማወፈር የንድፉ አካል ነው።

ከቤት በታች በረዶ መሥራት ሌላም ጣጣ አለው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ይጨምራል። በንጹሕ አሸዋና ጠጠር ውስጥ ብዙም አይከፋም፤ ትርፉ ውሃ በክፍተቱ ገፍቶ ይሸሻል። ደለልና ሸክላ ባለበት ግን ነገሩ ይገለበጣል። በረዶው ገና ያልረጋውን ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ንብርብር በንብርብር እየወፈረ መሬቱን ወደ ላይ ያነሣል። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ትርፉ ውሃ ይለቀቅና መሬቱ ይወርዳል። ከላይ ላለው ቤት መነሣቱም መውረዱም ያው መሰንጠቅ ነው። ስለዚህ ዲዛይነሩ የሚፈልገው ትልቁን የበረዶ ግንብ ሳይሆን የሚበቃውን ነው። ግንቡ ከተዘጋ በኋላ ማሽኑ ቀንሶ ወይም እያረፈ እየተነሣ ውፍረቱን ብቻ ይጠብቃል። ብርድ በበዛ ቁጥር ደህንነት ይጨምራል የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ያሳስታል።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ፣ በሌላ በኩል የሚገባው ሙቀት። እስካሁን ያሰላነው ሁሉ ውሃው የቆመ ነው ብለን ነው። ውሃው የሚሄድ ከሆነ ሒሳቡ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። አንድ ካሬ ሜትር የግንብ ፊት አስቡ። በእርሱ በኩል በቀን 1 ሜትር የሚጓዝ፣ 12 ዲግሪ የሆነ ውሃ ይገፋል፤ በቀን 1 ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ነው። ይህን ውሃ እስከ ዜሮ ለማቀዝቀዝ ብቻ በየቀኑ 50 ሜጋጁል መውጣት አለበት። አንድ ሜትር ኩብ አሸዋ በረዶ ለማድረግ የለፋንበትን 172 ሜጋጁል ውሃው በሦስት ቀን ተኩል ውስጥ መልሶ ያመጣዋል። በቀን አንድ ሜትር ደግሞ ኤሊ እንኳ የምትስቅበት ፍጥነት ነው፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ይባስ ብሎ ውሃው በግንቡ ሥራ ፍጥነት ያገኛል። ዓምዶቹ እየወፈሩ ሲቀራረቡ መተላለፊያው ይጠባል፤ የሚያልፈው ውሃ ግን ቶሎ አይቀንስም። ስለዚህ በጠባቡ ቀዳዳ ይፈጥናል፤ የሚያመጣውም ሙቀት እዚያች ቦታ ላይ ይከማቻል። የበረዶው እድገትና የውሃው ሙቀት እኩል ሲሆኑ ቀዳዳው ሳይዘጋ ይቀራል፤ መሐንዲሶች መስኮት ይሉታል። ሳምንት ብትጠብቁ፣ ወር ብትጠብቁ አይዘጋም። በተለምዶ በጨው ውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ የከርሰ ምድሩ ውሃ በቀን 1 ወይም 2 ሜትር ገደማ እስከሚጓዝ ድረስ ይሠራል ይባላል፤ ከዚያ በላይ ሌላ መላ ያስፈልጋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ ጥግ ላይ፣ ሜራን የሚገኘው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ተቋም ሰርን፣ 27 ኪሎ ሜትር ክብ የሆነውን ትልቁን ሃድሮን አጋጪ ሲሠራ ገጥሞታል። ከአጋጪው ታላላቅ መመርመሪያዎች አንዱ ሲ.ኤም.ኤስ. ነው። ቦታው ከስዊዝ ድንበር ማዶ፣ በፈረንሳይ መሬት፣ በጁራ ተራራ ግርጌ ባለችው ሴሲ መንደር ነው። መመርመሪያው የሚቀመጥበት አዳራሽ 100 ሜትር ያህል ከመሬት በታች፣ ሞላስ ውስጥ ተፈልፍሏል። ወደዚያ ለመውረድ ሁለት ቁልቁል ጉድጓዶች አስፈልገዋል፤ ትልቁ ከ20 ሜትር በላይ ስፋት አለው። ሞላሱ ከመገኘቱ በፊት ግን ውሃ ያዘለ ወደ 50 ሜትር የሚደርስ ሞሬን አለ።

ሥራው በ1998 እ.ኤ.አ. ሲጀመር መጀመሪያ ያቆመው ታሪክ ነበር፤ በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረ የሮማውያን ዘመን መኖሪያ ፍርስራሽ ተገኘ፤ በኦስትያ፣ በሊዮንና በለንደን የተቀረጹ ሳንቲሞችም ወጡ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ ሁለተኛው እንቅፋት መጣ፤ ውሃው። በጉድጓዶቹ ዙሪያ ቱቦ ተተክሎ በቀዝቃዛ የጨው ውሃ ግንቡ መሠራት ጀመረ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ግን እየሄደ ነበር፤ በረዶው በየቦታው ሊዘጋ አልቻለም። መፍትሔው ፈሳሽ ናይትሮጂን ሆነ።

ፈሳሽ ናይትሮጂን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ቱቦው ውስጥ ገብቶ ሲተን ሙቀቱን ከአፈሩ ይነጥቃል፤ ከጨው ውሃው ጋር ሲነጻጸር የሙቀት ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ስለሆነ መስኮቱን ይዘጋል። ዋጋው ግን ይከብዳል። የጨው ውሃ እየዞረ ይመለሳል፤ ናይትሮጂን አንዴ ሠርቶ ወደ አየር ይሄዳል። ቅድም ላሰላናት አንድ ሜትር ኩብ አሸዋ ያለ ምንም ብክነት እንኳ ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ናይትሮጂን ያስፈልጋል፤ በቦቴ እየተጫነ መምጣት አለበት። ሌላም አደጋ አለው፤ ሽታ የሌለው ጋዝ ስለሆነ በጉድጓድ ውስጥ ቢጠራቀም ኦክስጅኑን አስወጥቶ ሠራተኛ ሳያውቀው ያፍነዋል። የኦክስጅን መለኪያና የአየር ማስወጫ ሳይኖር ናይትሮጂን ወደ ሥራ ቦታ አይገባም። ብዙ ጊዜ ብልህነቱ ያለው ሁለቱን በማጣመር ነው፤ አብዛኛው ግንብ በጨው ውሃ፣ ግትር የሆነችው መስኮት ብቻ በናይትሮጂን።

በመጨረሻ ጉድጓዶቹ ወርደው አዳራሹ ተፈለፈለ፤ በየካቲት 2005 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። በየካቲት 2007 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ከመመርመሪያው ክፍሎች ከባዱ፣ 1,920 ቶን የሚመዝነው፣ በትልቁ ጉድጓድ በኩል ቀስ ተብሎ ወረደ። በረዶው ያኔ አልነበረም፤ ግድግዳውን የያዘው ኮንክሪቱ ነበር። ከበረዶው ግንብ የሚጠበቀውም ይኸው ነው፤ ኮንክሪቱ እስኪተካው ድረስ መሸከም።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ የሚሄድ ውሃን አስቀድሞ እንዴት ማስላት ይቻላል? እዚህ ላይ ወደ ዙሪክ እንመለሳለን። ኢ.ቲ.ኤች. ዙሪክ በመባል የሚታወቀው የፌዴራል የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ስሬስ፣ ፒመንቴልና አናኞስቱ ሙቀቱንና የውሃውን ጉዞ አንድ ላይ የሚያሰላ የኮምፒውተር ዘዴ ሠርተዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስላት የግድ ነው፤ በረዶው የውሃውን መንገድ ይለውጣል፣ የውሃው መንገድ ደግሞ የበረዶውን እድገት ይለውጣል። ስሌታቸውን በወረቀት ብቻ አላስቀሩትም። በቤተ ሙከራ ውስጥ አሸዋ የሞላበት ትልቅ ሣጥን አዘጋጅተው፣ የማቀዝቀዣ ቱቦ ተክለው፣ ውሃ በተለያየ ፍጥነት አሳልፈውበት፣ የለኩትን ካሰሉት ጋር አስተያይተዋል። ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ጄኦቴክኒክ በተባለው የሙያ መጽሔት ታትሟል። ለመሐንዲስ የዚህ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ቱቦውን 80 ሴንቲሜትር ላይ ልትከል ወይስ 1 ሜትር ላይ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል ሁለተኛ ረድፍ ልጨምር ወይስ ናይትሮጂን ላዘጋጅ የሚለውን መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት መወሰን ይችላል።

ስሌት ካለ ልኬት ለምን ያስፈልጋል የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። መሬት እንደ ቤተ ሙከራ አሸዋ አንድ ወጥ ስላልሆነ ነው። በሞሬን ውስጥ አንድ የጠጠር ንብርብር ብቻ ውሃውን ከሌላው ቦታ ብዙ እጥፍ አፍጥኖ ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ከማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ ሌላ፣ የሙቀት መለኪያ የሚወርድባቸው ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። መለኪያው ለቱቦ ቅርብ በሆነ ቦታ ቢቀመጥ ሁልጊዜ ደግ ዜና ይነግራችኋል። መቀመጥ ያለበት ክፉ ዜና በሚጠበቅበት ነው፦ ሁለት ቱቦዎች በተራራቁበት፣ ውሃው በሚመጣበት፣ ጠጠሩ ባለበት ጥልቀት። ክብ ግንብ ሲሆን አንድ ሌላ ጥሩ ምልክት አለ። ግንቡ ሲዘጋ ውስጡ የቀረው ውሃ መውጫ ያጣል፤ በረዶው ወደ ውስጥ እየወፈረ ሲገፋው በመሐል ባለው መመልከቻ ቱቦ ውስጥ የውሃው ከፍታ ይነሣል። ውሃው ካልተነሣ የሆነ ቦታ ክፍተት አለ፤ ቁፋሮ አይጀመርም።

ወደ አገራችን እንምጣ። በኢትዮጵያ ምድር አፈር በብርድ ማጠንከር ቢታሰብ ሒሳቡ ምን ይመስላል? ከመሬት ጥቂት ሜትር ዝቅ ሲባል የአፈሩ ሙቀት ከዓመቱ አማካይ የአየር ሙቀት ጋር ይቀራረባል። አዲስ አበባን 16 ዲግሪ ገደማ፣ ድሬዳዋን 25 ዲግሪ ገደማ ብለን እንያዝ። ያው ሜትር ኩብ አሸዋ በ12 ዲግሪ 172 ሜጋጁል ነበር፤ በአዲስ አበባ 184፣ በድሬዳዋ 209 ይሆናል። ሞቃት አገር ስለሆንን አይቻልም የሚለው ግምት እንግዲህ ብዙ አያስኬድም፤ የድሬዳዋ ትርፍ አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ትልቁ ድርሻ ስውሩ ሙቀት ነው፤ እሱ በሁሉም ቦታ እኩል ነው። ውሃው ከሄደ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። በቀን 1 ሜትር የሚጓዝ የ25 ዲግሪ ውሃ በካሬ ሜትር 105 ሜጋጁል ያመጣል፤ ቅድም ካየነው የ12 ዲግሪ ውሃ እጥፍ በላይ።

ልዩ ቦታዎችም አሉን። አዲስ አበባ መሐል ፍል ውሃ አካባቢ የመሬቱ ሙቀት 16 ዲግሪ ነው ብሎ የሚያሰላ ሰው ሥራውን አያውቅም። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ቢሆን አፈሩን እስከ ዜሮ ለማውረድ ብቻ የሚጠፋው ኃይል ከስውሩ ሙቀት ጋር ይተካከላል። በአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች ደግሞ ጨዋማ ውሃ አለ፤ ጨው ያለበት ውሃ ዜሮ ላይ በረዶ አይሆንም፤ ዝቅ ማለት አለበት። ጥቁር አፈራችን ደቃቅ ሸክላ ስለሆነ ከዜሮ በታች ወርዶም ውስጡ በረዶ ያልሆነ ውሃ ይቀራል፤ ጥንካሬው ከአሸዋ ያንሳል፤ የማበጥ ጸባዩም ይታሰብበት።

ውሃና ልል መሬት በመሬት ውስጥ ሥራ ምን እንደሚያደርግ አገራችን አይታለች። የግልገል ጊቤ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ 26 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ሲቆፈር በጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ. ማሽኑ የተሰበረ መሬት ገጥሞት፣ በግፊት የመጣ ጭቃ ገፍቶት ሥራው ለረጅም ጊዜ ቆሟል። እዚያ ጥልቅ ተራራ ሥር ማቀዝቀዝ ይበጅ ነበር ለማለት አይደለም፤ የመሬቱ ጠባይ ሌላ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፦ ከፊት ያለውን ውሃ አስቀድሞ ያላወቀ ቆፋሪ ውሃው ራሱ ያስተዋውቀዋል።

ስለዚህ በአዲስ አበባም ይሁን በሌላ ከተማ ጥልቅ መሠረት ወይም ዋሻ ስታቅዱ፣ ማቀዝቀዣ ማሽን ከመጠየቃችሁ በፊት አራት ነገር በመስክ ልኩ፦ የከርሰ ምድሩ ውሃ በቀን ስንት ሜትር ይጓዛል፣ ሙቀቱ ስንት ነው፣ ጨው አለው ወይ፣ አፈሩ ስንት በመቶ ክፍተትና ስንት በመቶ ደቃቅ አለው። ሴሲ ላይ ናይትሮጂን የጠየቀው የመጀመሪያው ነው፤ በዙሪክ ቤተ ሙከራም ሲፈተሽ የኖረው እሱው ነው።

እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ክፍተቱ 20 በመቶ ብቻ የሆነ ጠጠራማ አፈር ውሰዱ፤ የመሬቱ ሙቀት 16 ዲግሪ ነው። አንደኛ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ስውሩ ሙቀት ስንት ሜጋጁል ነው? ሁለተኛ፣ ይህ አፈር በውሃ ማነስ ከአሸዋው ቀድሞ በረዶ የሚሆን ይመስላል፤ ጠጠር ግን ውሃ በቀላሉ ያሳልፋል። በቀን 2 ሜትር የሚጓዝ ውሃ ቢኖር በካሬ ሜትር ስንት ሜጋጁል ያመጣል? ሁለቱን አስተያዩና የጨው ውሃ ትመርጡ እንደሆነ ወይስ ናይትሮጂን፣ ከነምክንያቱ ጻፉ። የስሌቱን መልስ በሚቀጥለው ዝግጅት መግቢያ ላይ አብረን እንሠራዋለን።